«ሙቀት»፣ «ጭስ»፣ «ማውጫ»፤ በእንጨት ምድጃ የደኅንነት መመሪያ ውስጥ ስለሚገኙ ሦስት ቃላት

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ችግር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ሕክምናው፣ ሕጉና ምሕንድስናው ነው። ምድጃና ማድ ቤት በዚህ ረገድ አሳሳቢ ሆነው አይታዩም። እንዲያውም ስለ እሳት የሚናገሩ ቃላት በአማርኛ ሞልተው የተረፉ ናቸው፤ ነበልባል አለ፣ ወላፈን አለ፣ ፍም፣ ረመጥ፣ ትርኳሽ፣ አመድ አለ። ይሁን እንጂ የቃላት ብዛት ብቻውን ለትርጉም ዋስትና አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የቀረበው «ሙቀት»፣ «ጭስ» እና «ማውጫ» የተባሉት ሦስት የታወቁ ቃላት በአንድ የደኅንነት መመሪያ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ነገር እንደሚሸከሙ፣ ይህም በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በቤት ኮርኒስ ላይ ጭምር ምልክት ሊተው እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። በቦሌ አካባቢ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ለመከላከል ሲሉ ከውጭ አገር የመጣ፣ ከብረት የተሠራ የእንጨት ምድጃ በሳሎናቸው አስተከሉ። ከምድጃው ጋር የአማርኛ መመሪያ ተሰጥቷቸው ነበር። ከመመሪያው አንዱ ዓረፍተ ነገር «የጭስ ማውጫው ሙቀት ከ230 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ከ475 ዲግሪም እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ» የሚል ነው። ጎረቤቴ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ በማግኔት የሚለጠፍ ቴርሞሜትር በቱቦው ላይ አኑረው፣ መርፌው ከ230 ዝቅ ባለ ቁጥር ፍልጥ ይጨምሩ ጀመር። በሦስተኛው ምሽት ቱቦው ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታ ቺፕውዱ ጠቆረ፤ የተቃጠለ ሽታም መጣ። እሳቱን ወዲያው በማዳፈናቸው ጉዳቱ በዚያው ተወሰነ። በማግሥቱ ወደ እኔ የመጡት ስለ ምድጃ አውቃለሁ ብለው አልነበረም። «መመሪያውን አክብሬ ነው ቤቴን ላቃጥል የነበረው፤ እስቲ ይህን አማርኛ ይመልከቱልኝ» ለማለት ነበር።

ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብሁት። በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል፤ ዲግሪው በየትኛው መለኪያ ነው? የሚለካው የምን ሙቀት ነው? «ማውጫ» የተባለውስ የትኛው አካል ነው? ጽሑፉ የሚያተኩረው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። ዋናው አሳቡም፣ የሙቀት ቁጥር መለኪያውና የተለካበት ቦታ አብረውት ካልተተረጎሙ ተተረጎመ ሊባል አይችልም የሚል ነው።

1. ስለ «ዲግሪ»

ዲግሪ ብቻውን መለኪያ አይደለም፤ የመለኪያ ክፍልፋይ ስም ነው። የማዕዘን ዲግሪ አለ፤ የፋራናይት ዲግሪ አለ፤ የሴንቲግሬድ ዲግሪም አለ። ሴንቲግሬድ የተባለው መለኪያ በ1948 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ስምምነት ሴልሺየስ ተብሎ ቢሰየምም በአማርኛ የቀድሞው ስም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችና የአየር ጠባይ መግለጫዎች ሴንቲግሬድ የተለመደ ስለሆነ፣ አማርኛ አንባቢ «ዲግሪ» የሚል ቃል ብቻውን ሲያገኝ ሴንቲግሬድ ነው ብሎ መውሰዱ ተፈጥሯዊ ነው።

የጎረቤቴ መመሪያ ግን መነሻው አሜሪካዊ ነበር፤ ቁጥሮቹም በፋራናይት የተሰጡ ናቸው። ከፋራናይት ወደ ሴንቲግሬድ ለመለወጥ 32 ቀንሶ፣ የቀረውን በ5 አባዝቶ ለ9 ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 230 ፋራናይት 110 ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ 475 ፋራናይት ደግሞ 246 ሴንቲግሬድ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ጎረቤቴ ዝቅተኛ ወሰን ነው ብለው የያዙት 230፣ በትክክለኛው መለኪያ ከከፍተኛው ወሰን ጋር የሚጎራበት ነበር። መመሪያውን ያልተከተለ ሰው ምናልባት በሰላም ያድር ይሆናል፤ የተከተለው ግን ምድጃውን ዘወትር ከልክ በላይ ሲያነድ ይኖራል።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። እነዚያው ቁጥሮች፣ 230 እና 475፣ በሴንቲግሬድ ቢነበቡም ትክክል የሚሆኑበት ሌላ ቦታ አለ። ቴርሞሜትሩ በቱቦው ገጽ ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ የጋዙን ሙቀት የሚለካ ቢሆን፣ ተስማሚው ወሰን ከ205 እስከ 480 ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ከቱቦው ውጫዊ ገጽ እጅግ የበለጠ ስለሚግል፣ ልዩነቱ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር በአንድ መለኪያ እንኳ ተነግሮ፣ እውስጥ ሲለካ ትክክል፣ እውጭ ሲለካ ግን ለአደጋ የሚያጋልጥ ይሆናል። ቱቦው ባለ ድርብ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ የውጭው ገጽ ስለ ውስጡ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር ዝቅ ያለ ቁጥር እያሳየ በውስጥ ያለው ጋዝ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

2. ስለ «ሙቀት»

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ሙቀት» ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈው ጉልበት ነው፤ «የእሳቱ ሙቀት ቤቱን ሞላው» እንዲሉ። ሁለተኛው የአንድ አካል የመጋል ደረጃ ነው፤ «የዛሬው ሙቀት 24 ዲግሪ ነው» እንዲሉ። ሰውነትን በሚመለከት ለሁለተኛው ትርጉም «ትኩሳት» የሚባል የተለየ ቃል አለን፤ ነገር ግን ቃሉ የበሽታን ስሜት ስላዘለ ለብረትና ለቱቦ አይሆንም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። እሳት ውስጥ ገብቶ የቀላ አንድ ምስማርና ለብ ያለ ውሃ የሞላበት አንድ በርሜል ጎን ለጎን ይቀመጡ። ጣትን የሚልጠው ምስማሩ ነው፤ ቤትን ሲያሞቅ የሚያድረው ግን በርሜሉ ነው። ምስማሩ በደረጃ ይበልጣል፤ በርሜሉ በያዘው ጉልበት ይበልጣል። የፊዚክስ መጻሕፍት የመጀመሪያውን «መጠነ ሙቀት» ወይም «የሙቀት መጠን»፣ ሁለተኛውን «ሙቀት» በማለት ይለያሉ።

ከሁለቱ አጠራሮች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለተርጓሚ ትርፍ ነገር አይደለም። «የሙቀት መጠን» እንደ ማንኛውም የአማርኛ ዘርፍና ባለቤት ስለሚነበብ፣ ሰሚው «የሙቀት ብዛት» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ይህም በርሜሉን እንጂ ምስማሩን አይገልጽም። «መጠነ ሙቀት» ግን በግእዝ የአነጋገር ሥርዓት ባለቤቱ ቀድሞ፣ መጨረሻ ፊደሉ ወደ ግእዝ ተለውጦ የተናበበ በመሆኑ፣ እንደ «ሥነ ልሳን» ሁሉ አንድ የረጋ የሙያ ቃል ሆኖ ይቆማል። ከዚህም ሌላ፣ ቅጽል ሲደራረብበት «የ» አይበዛበትም። «የቱቦው ገጽ የሙቀት መጠን» ከማለት «የቱቦው ገጽ መጠነ ሙቀት» ማለት ይቀላል፤ የተለካው ነገር ምን እንደ ሆነም ወዲያው ይታያል። በደኅንነት መመሪያ ውስጥ የመጨረሻው ጥቅም ከሁሉ ይበልጣል።

3. በግሶቻችን ውስጥ ስላለው የሙቀት መሰላል

የሙያ ቃል ሲፈጠር የሕዝቡን ቃል መናቅ አይገባም። የአማርኛ ግሶች ከቴርሞሜትር በፊት የተሠራ የሙቀት መሰላል አላቸው። ነገሩ መጀመሪያ ለብ ይላል፤ ቀጥሎ ይሞቃል፤ ውሃ ከሆነ ይፈላል፤ ብረት ወይም ሸክላ ከሆነ ይግላል፤ ከዚያም ብረቱ ይቀላል፤ ፍም ይመስላል። አንባቢ በቁጥር የተነገረውን በዚህ መሰላል ላይ ማኖር ሲችል ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል።

«ለብ ያለ» የምንለው ለሰውነት ሙቀት የቀረበውን ነው። «የፈላ» የምንለው በባሕር ጠረፍ 100 ሴንቲግሬድ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ይህ ቁጥር አይሠራም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመጽሐፍ «100 ዲግሪ» የሚለውን ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ፣ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሊፈትን የሚሞክረውን የቦሌ ነዋሪ መሣሪያው የተበላሸ እንዲመስለው ያደርገዋል።

«የጋለ» የሚለውን ከሁሉ የተሻለ የሚያስረዳው ምጣድ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ገጹ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከዚህ እጅግ ካነሰ እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል፤ እጅግ ካለፈ ያርራል። ጋጋሪዋ ይህን የምትለየው በማሰሻዋና በዐይኗ ነው፤ ቁጥሩን ግን አትጠራውም፤ አያስፈልጋትምም። ለምድጃው መመሪያ «ቱቦው እንጀራ ሊጋገርበት እስከሚችል ድረስ ቢግል ወደ ከፍተኛው ወሰን እየቀረበ ነው» ብሎ ማብራራት ከሁለት ገጽ ሐተታ ይበልጣል። «የቀላ» ደግሞ ፊዚክስ ወሰን ያበጀለት ነው። ጆን ዊልያም ድሬፐር በ1847 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ጠጣር አካላት በጨለማ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን መስጠት የሚጀምሩት በ525 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቱቦው ቀልቶ ከታየ እንግዲህ መርፌውን ማየት አያሻም፤ አደጋው ደርሷል።

4. ስለ «ጭስ»

«ጢስ» እና «ጭስ» አንድ ቃል ናቸው፤ የግእዙ «ጠ» በላንቃዊው «ጨ» ተተክቶ «ጭስ» ሆኗል። የቀድሞው አነጋገር በጢስ ዓባይ ስም ውስጥ ጸንቶ ይገኛል። በዚያ «ጢስ» የተባለው እሳት ያላየው የውሃ ብናኝ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ይህም የቃሉን ዋና ጠባይ ያስረዳል፤ ጭስ ማለት ለዐይን የሚታይ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው እንጂ የቃጠሎ ውጤት ሁሉ አይደለም።

በምድጃ ረገድ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። ከእንጨትና ከከሰል ቃጠሎ የሚወጣው ጋዝ በከፊል የማይታይ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በከተማችን በየክረምቱና በየብርዱ ወራት ሰዎች ከሰል አንድደው በር ዘግተው በመተኛታቸው ሕይወታቸው እንደሚያልፍ ይሰማል፤ ዜናውም ዘወትር «በከሰል ጭስ ታፍነው» ይላል። አነጋገሩ የተለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው። ሰዎቹ ከሰሉን ወደ ቤት ያስገቡት ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙም ከቀላ በኋላ ነውና። «ጭስ ይገድላል» ያልነው ሰው ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀላውን ፍም ይዞ ይገባል፤ በሩንም ይዘጋል። ማስጠንቀቂያውን ሰምቷል፤ ቃሉ ግን ከድቶታል።

ስለዚህ በደኅንነት ጽሑፍ «ጭስ» ለሚታየው ብቻ ተወስኖ፣ የሚታየውንና የማይታየውን ባንድነት ለሚይዘው «የቃጠሎ ጋዝ» የሚለው እንዲሠራበት እንመክራለን። «ጋዝ» በአማርኛ ላምባንና ቡታጋዝን የሚያስታውስ መሆኑ እውነት ነው፤ «የቃጠሎ» የሚለው ዘርፍ ግን ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። «የከሰል ጭስ» የሚለው ሐረግም ከመዝገበ ቃላት ሊወጣ አይገባውም፤ ሊመዘገብ፣ ነገር ግን «የማይታየውን መርዛማ ጋዝ ጭምር» የሚል ማብራሪያ ሊታከልበት ይገባል።

5. ስለ «መውጫ»፣ «ማውጫ» እና «ቱቦ»

በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ አካላት ሦስት ስም ሲኖራቸው፣ በአማርኛ ሁሉም «ጭስ ማውጫ» እየተባሉ ይታያሉ። ግራ መጋባቱን የሚጨምረው፣ ይኸው ቃል ለመኪናም ማገልገሉ ነው፤ በጋራዥ ግን ሠራተኞቹ ከጣልያንኛ የተወረሰውን «ማርሚታ» ይመርጣሉ። «ማውጫ» በመጽሐፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይም ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ ለአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም።

የአማርኛ ሥርዓተ ቃል ግን መፍትሔውን በእጁ ይዟል። «መውጫ» ከ«ወጣ» የተገኘ የቦታ ስም ነው፤ ነገሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይገልጻል። «ማውጫ» ከ«አወጣ» የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው፤ ነገሩን የሚያወጣውን አካል ይገልጻል። በጎጆ ቤት ክዳን ላይ ጭሱ የሚሾልክበት ክፍት ቦታ «ጭስ መውጫ» ነው፤ ምንም አይሠራም፤ ይፈቅዳል እንጂ። ከምድጃ በላይ ቆሞ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ በመጋሉ ቀልሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች አየር የሚስበው ቀጥ ያለ ግንባታ ግን «ጭስ ማውጫ» ነው፤ በእርግጥም ያወጣል። ምድጃውን ከጭስ ማውጫው ጋር የሚያገናኘው ባለ ላሜራ ክፍል «የጭስ ቱቦ» ይባል። ጎረቤቴ ቴርሞሜትሩን የለጠፉት በቱቦው ላይ ነው፤ መመሪያው ግን ስለ ማውጫው ይናገር ነበር።

የማውጫው ኃይል ስም ያሻዋል። «ስበት» ለመሬት ስበት የተሰጠ በመሆኑ፣ «ሳቢነት» የሚለውን እናቀርባለን። ይህ ቃል ለእኛ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ያስፈልገናል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ቁመት ያለው ጭስ ማውጫ ሳቢነቱ ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ቦታ በደንብ የሠራ ምድጃ በዚህ ሊዳፈን ይችላል። ለደጋ አገር የሚተከል ማውጫ በቁመት መጨመሩም ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ሌላ ትንሽ አካል አለ። በጭስ ቱቦ ውስጥ የምትዞር፣ የጋዙን መንገድ የምታሰፋና የምታጠብ ክብ ላሜራ ናት። በብዙ ትርጉሞች «መዝጊያ» ተብላ ትገኛለች። ይህ ከቃላት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። «መዝጊያ» የተባለን ነገር ሰው ሌሊት ሲተኛ ይዘጋዋል፤ ፍሙ ገና ሳይጠፋ ቱቦው ከተዘጋ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የአካሏ ሥራ ማጥበብ እንጂ መዝጋት ስላልሆነ «ማጥበቢያ» መባል ይገባታል። ስሙ ራሱ መመሪያ ይሆናል።

6. ስለ «ጥላሸት»፣ «ጥቀርሻ» እና «የጭስ ዝፍት»

የታችኛው ወሰን፣ 110 ዲግሪ፣ ለምን እንዳስፈለገ ሳያብራሩ ማለፍ አይቻልም። «ከመጠን በላይ አታንድድ» የሚለው ለማንም ግልጽ ነው፤ «ከመጠን በታችም አታንድድ» የሚለው ግን ምክንያት ይፈልጋል። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ወይም አየር ሲያጥረው ሳይቃጠሉ የቀሩ ተናኝ ነገሮች ከእንፋሎት ጋር ወደ ቱቦው ይወጣሉ። ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ በግድግዳው ላይ እንደ ጤዛ ያርፉና ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር፣ ተጣባቂ፣ በኋላም እንደ ብርጭቆ ወደሚያብለጨልጭ ነገር ይለወጣሉ። ይህ ነገር ራሱ ነዳጅ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወፍር መጠረግ ይገባዋል፤ ካልተጠረገ አንድ ቀን እሳት ይይዝና በማውጫው ውስጥ ያለው መጠነ ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የአውሮፓ የፍተሻ ደረጃ ይህን አደጋ የሚቋቋሙ የብረት ጭስ ማውጫዎችን ለ30 ደቂቃ በ1000 ዲግሪ የሚፈትነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተርጓሚዎች ይህን ነገር አንዳንዴ «ጥላሸት»፣ አንዳንዴ «ክሪዮሶት» ይሉታል። «ጥላሸት» በድስት ቂጥ ላይ የሚገኘው፣ በጣት ሲነኩት የሚረግፈው ደረቅ ጥቁር ዱቄት ነው። «ጥቀርሻ» በማድ ቤት ጣራ ላይ ተጋግሮና ተንጠልጥሎ የሚታየው ነው። ሁለቱም የሚጣበቀውን ፈሳሽ አይገልጹም። «ክሪዮሶት» የሚለው የባዕድ ቃል ደግሞ ለሰሚው ምንም አይነግረውም። «ዝፍት» ግን ጥቁር፣ ተጣባቂና ተቀጣጣይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «የጭስ ዝፍት» ይባል። ይህን የሰማ ሰው ቱቦውን ለማስጠረግ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

7. ምድጃዎቻችን ከሰጡን ስሞች

ይህ ሁሉ የጥቂት የቦሌ ሳሎኖች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት መሄድ ይበቃል። በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በኮተቤ ኤሌክትሪክ ምጣድ ቢስፋፋም፣ መብራት ሲጠፋ ወይም እንጀራ ለሽያጭ ሲጋገር ባሕር ዛፍ፣ ጭራሮና ሰጋቱራ ዛሬም ይነዳሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታም፣ ለእንጀራ ጋገራና ለመሳሰለው ሥራ የጋራ ሕንፃ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር የታቀደው። እሳትና ጭስ እንግዲህ ከአፓርትማው ጋር አብረው ገብተዋል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማገዶ ለመቆጠብ የተሻሻሉ ምድጃዎች መሠራጨት ሲጀምሩ የተሰጣቸው ስም ለቃላት ተመራማሪ ትምህርት ይሰጣል። የከሰሉ ምድጃ «ላቀች» ተባለ፤ ከሲሚንቶ ቅልቅል የተሠራው የእንጀራ ምድጃ «ምርጥ»፤ በኋላ የመጣው የእንጨት ምድጃ «ትክክል»። ሦስቱም አጭር፣ ለጆሮ የሚጥሙና በሕዝብ ዘንድ የተወደዱ ስሞች ናቸው፤ ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ነገር ግን ሦስቱም ውዳሴ ናቸው። ከ«ምርጥ» የተሻለ ሲሠራ ምን ይባላል? ደግሞስ ከሦስቱ አንዱም ስለ እሳቱ፣ ስለ ጋዙ፣ ወይም ስለ መጠነ ሙቀቱ የሚናገር የለም። የመሣሪያ መጠሪያ ስም ውዳሴ ሊሆን ይችላል፤ የአካላቱ ስም ግን ሥራቸውን ሊናገር ይገባል። ማጥበቢያው ያጥብብ፤ ማውጫው ያውጣ፤ መውጫው ያሳልፍ።

8. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርቡ ፍቺዎች

መጠነ ሙቀት፡- ስም። የአንድ አካል የመጋል ወይም የመቀዝቀዝ ደረጃ፤ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም በሌላ መለኪያ የሚገለጽ። (ከ«ሙቀት» ይለያል።)

የገጽ መጠነ ሙቀት፡- ስም። በአንድ አካል ውጫዊ ገጽ ላይ የሚለካ መጠነ ሙቀት።

የቃጠሎ ጋዝ፡- ስም። ከሚነድ ነገር የሚወጣ፣ የሚታየውንም የማይታየውንም የሚያጠቃልል የጋዝ ቅልቅል።

ጭስ መውጫ፡- ስም። ጭስ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ።

ጭስ ማውጫ፡- ስም። የቃጠሎ ጋዝን በሳቢነት ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀጥ ያለ ግንባታ።

የጭስ ቱቦ፡- ስም። ምድጃን ከጭስ ማውጫ ጋር የሚያገናኝ የብረት ቱቦ።

ሳቢነት፡- ስም። (ስለ ጭስ ማውጫ) የጋለ ጋዝ ወደ ላይ በመውጣቱ ከታች አየር የመሳብ ኃይል።

ማጥበቢያ፡- ስም። በጭስ ቱቦ ውስጥ የጋዙን መተላለፊያ የሚያጠብና የሚያሰፋ፣ ፈጽሞ የማይዘጋ አካል።

የጭስ ዝፍት፡- ስም። ሳይቃጠሉ ከቀሩ ተናኝ ነገሮች በቱቦ ወይም በማውጫ ግድግዳ ላይ የሚጋገር፣ ጥቁርና ተቀጣጣይ ዝቃጭ።

በእነዚህ ቃላት መሠረት የጎረቤቴን መመሪያ እንደሚከተለው ጻፍነው። «ይህ ምድጃ ባለ አንድ ግድግዳ የጭስ ቱቦ አለው። ከምድጃው በላይ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቱቦው ላይ የሚለካው የገጽ መጠነ ሙቀት፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ከ110 እስከ 245 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከ110 በታች ከቆየ የጭስ ዝፍት ይጋገራል፤ ደረቅ እንጨት ይጠቀሙ፣ አየር ይጨምሩ። ከ245 ካለፈ እንጨት አይጨምሩ፤ የአየር መግቢያውን ያጥብቡ። ቱቦው ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር አንድ ክንድ፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር፣ ይራቅ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በቀድሞው ትርጉም ውስጥም ነበረ፤ ነገር ግን «18 ኢንች» ይል ስለ ነበር ቱቦውን የተከለው ሠራተኛ ልብ አላለውም፤ ቺፕውዱም ከቱቦው የራቀው ከአንድ ስንዝር ባነሰ ነበር። «አንድ ክንድ» ሲባል ግን ሜትር መፈለግ አላስፈለገውም፤ ክርኑን ቱቦው ላይ ሊያሳርፍ ቃጥቶ ለካና ኮርኒሱን ሰፋ አድርጎ ቆረጠ። ያልተለመደውን ቃል ከሕዝቡ መስፈሪያ ጋር ማቆራኘት የተርጓሚ ሥራ አካል እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አንባቢዎች በየአካባቢያቸው ላሜራ የሚቆርጡና ቱቦ የሚተክሉ ባለሙያዎች ለእነዚህ አካላት ምን ስም እንደሚሰጡ ቢመዘግቡ፣ ከላይ የቀረቡት ፍቺዎች ይታረማሉ፤ ይዳብራሉም። ከወረቀት የተነሣ ቃል በሠራተኛው አፍ ካልተፈተነ ገና ረቂቅ ነውና።